በቴሌቪዥን ስለተለቀሰልኝ ለቅሶ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ እንዳላማው ድረስ
የቴሌቪዥን ዝግጅት ደራሲና አዘጋጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ማዕረግዎ ከፍ ከፍ ይበልልኝ እያልሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ በታኅሣሥ በቴሌቪዥን ካስለቀሱልኝ ወዲህ ደኅና ነኝ፤ እህልም እበላለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ስል ከመነሻው ላስታውስዎ። እርስዎ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነዎትና የጎጃምን የለቅሶ ሥርዓት ለአዲስ አበባ ተመልካች ለማሳየት ካሜራ አስይዘው ደብረ ማርቆስ መጡ፤ እኔም በለቅሶው ላይ የሟች ተብለው እንዲታዩ ፈረሴን፣ ጠመንጃዬንና ካባዬን አዋስሁዎ። አልቃሿ ወይዘሮ የብርጓል ግን ስምና ሥራ ለሌለው ሰው ሙሾ አላወርድም ብለው እንቢ አሉ፤ በእኛ አገር የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስምና የሠራው ሥራ ሳይጠራ አይለቀስምና። ያን ጊዜ ስሜን ተዋሱኝ፤ ዝግጅቱ ሲጀመር እኔ ቢተው በሕይወት እንዳለሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንደሚነገር ቃል ሰጡኝ። እኔም ከካሜራው ጀርባ ቆሜ፣ ቆሎ እየቆረጠምሁ የራሴን ለቅሶ ተመለከትሁ። ወይዘሮ የብርጓል ስለ እኔ ያሉት ሁሉ እውነት ነበር፤ ከመሞቴ በቀር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፤ ያቺን ዐረፍተ ነገር ከዝግጅቱ ቆርጠው ስላወጧት አመሰግናለሁ። ምክንያቱን ስጠይቅዎ የተመልካቹን እንባ ታደርቃለች ብለው በትሕትና አስረዱኝ። እኔ ገበሬ ስለሆንሁ፣ የአዲስ አበባ ሰው እንባ ይህን ያህል መስኖ እንደሚፈልግ አላውቅም ነበር።

፪ኛ፤ ቴሌቪዥንዎ ዓባይን ስለማይሻገር እዚህ መሞቴን የሰማ የለም። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ወለላ ግን ጎረቤት ቤት ተቀምጣ አየች። ፈረሴን አወቀችው፤ ካባውንም የሰፋችው እናቷ ናትና አወቀችው። ጥር ላይ ልትዳር ነበር፤ ፀጉሯን ተላጨች፣ ለሠርጓ የተጣለውም ጠጅ ለለቀስተኛ ተቀዳ። ከዚያ ጥቁር ለብሳ በአውቶቡስ መጣች። ደጃፌ ላይ ቆሜ ስታየኝ ጮኻ ወደ ኋላ ሸሸች። ልጄ ከእኔ ስትሸሽ ማየት እንዴት እንዳቃጠለኝ ያለ ቀልድ እነግርዎታለሁ፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

፫ኛ፤ የሙሽራው ወገኖች መንግሥት በቴሌቪዥን ያስለቀሰለት አባት መርቆ የሚድራት ልጅ ገድ የላትም ብለው ሠርጉን አቆሙት። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ፊታቸው ተቀመጥሁ፤ ምሳም አበሉኝ። ሆኖም በቴሌቪዥን የሞተ በዚያው በቴሌቪዥን ይነሣ ሲሉ ቆረጡ። ልጄ ትዳር መያዝ አለመያዟ እንግዲህ በእርስዎ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል።

ይህንኑ ብለምንዎ፣ ዝግጅቱ እጅግ ስለተወደደ ከፋሲካ በኋላ እንደገና እንደሚታይ፣ እርስዎም በእርሱ ምክንያት የክፍል ኃላፊ ሆነው መሾምዎን አበሠሩኝ። እንኳን ደስ አለዎ። በእኔ ሞት አንድ ሰው ወግ ማዕረግ ማየቱ ያጽናናል፤ ሰው ሞቶ እንኳ ለአገሩ ልጅ ይህን ያህል አይጠቅምም። ይሁን እንጂ ለሁለተኛ ጊዜ ከመሞቴ በፊት፣ ቢተው አለ፣ ልጁንም ይድራል ብለው እንዲያስነግሩልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከፈረሴና ከካባዬ ጋር ሆነን ዕድሜና ሹመት የምንመኝልዎ፣
በሕይወት ያለሁት ሟች፣
ቢተው አበረ
ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ የብርጓል ሰላም ብለውዎታል። መሾምዎን ሲሰሙ፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ሳይዘጋጁ አይለቀስለትም ብለው የእርስዎን ሙሾ ከወዲሁ ማሰናዳት ጀምረዋል። ስምዎንና የአባትዎን ስም በሚገባ ገጥመውታል። ሥራዎ ላይ ሲደርሱ ግን እስከ አሁን ያገኙት የእኔን ሞት ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ካለዎ ቶሎ እንዲልኩላቸው ይለምናሉ።