የውጤት ፋይል ላይ የመጻፍ ፈቃድ ስለተሸለሙት ሾፌራችን

ጥር 2006 ዓ.ም.፣ ወላይታ ሶዶ

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን ለአቶ ቦልቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንደ ስብሰባዎ ያርዝምልዎ እያልኩ፣ እኔ የሬጅስትራር ሠራተኛዋ አሳየሽ ከድካም በቀር ደህና መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ።

ቅሬታዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አዲሱ የሊኑክስ ሰርቨር ማን ፋይል እንደሚያነብና ማን እንደሚጽፍበት በግሩፕ የሚለይ በመሆኑ፣ ባለሙያው ቶማ ሠራተኛውን በሥራ ድርሻው ሊመድብ ሲል፣ የመጻፍ ፈቃድ ለሞዴል አንድ ለአምስት ቡድን በሽልማት እንዲሰጥ ስላዘዙ እጅግ አመሰግናለሁ። በዚሁ መሠረት ከስብሰባ ቀርተው የማያውቁት ሾፌራችን ጋሽ ማሞ የተማሪ ውጤት እንዲጽፉ ተፈቅዶላቸዋል፤ የእኔ ቡድን በግምገማ ዝቅ ስላለ ማንበብ ብቻ ደርሶኛል። ጋሽ ማሞ ኮምፒውተር ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ ምን በወጣቸው!

ሁለተኛ፣ ከቦምቤ ከተማ የሚመላለሰው ተመራቂያችን የደገፉ ጉዳይ ነው። መምህሩ ፈተናውን እንደገና አርመው የሒሳብ ውጤቱ ከኤፍ ወደ ቢ እንዲስተካከል ፈርመው ልከውልኛል። አረካ ከተማ ሊቀጠር ማመልከቻ አስገብቶ ትራንስክሪፕቱን ብቻ ይጠብቃል። በሚኒባስ እየተመላለሰ ቢሮዬ በር ላይ ሲቆም፣ ኤፉን ማየት እንጂ መንካት አልችልም ስለው አፈርኩ፤ እሱ ጭራሽ እኔኑ አጽናንቶኝ ሄደ። ጋሽ ማሞ አዝነውልኝ ፓስዎርዳቸውን ሊሰጡኝ ቢመጡም በሰው ስም አልጽፍም ብዬ መለስኳቸው። ሞኝ ነኝ መሰለኝ።

ሦስተኛውን ተውኩት፤ ማን ሊያነበው!

እንግዲህ የውጤቱ ፎልደር በሥራው ለሚጠየቁት ሰዎች ብቻ ይከፈት ዘንድ፣ ከተጣበበው ጊዜዎ ላይ ጥቂት እንዲቆርሱልኝ እጅ ነስቼ እለምናለሁ።

የተፈቀደላትን ያህል እያነበበች ውለታዎን የማትረሳ፣
አሳየሽ

ከፊርማ በኋላ፦ ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስል ችግሩን እንደፈቱልን ሰማሁ። ማንም ቅር እንዳይለው ብለው ፎልደሩ ተማሪውን ጨምሮ ለሁሉም እንዲጻፍበት አስከፍተውታል። እኔም በራሴ ስም የደገፉን ቢ ጽፌ ትራንስክሪፕቱን ሰጠሁት። ለዚያው ሥራ ያመለከቱት የኮሌጃችን ልጆች ግን በሳምንቱ ሁሉም በሁሉም ትምህርት ኤ ይዘው ስለቀረቡ፣ ደገፉ ከሁሉ ዝቅተኛ ተብሎ ተመልሷል። እንኳን ደስ አለዎት።