ቀይዋን ጃዋ የሸጥኩ ዕለት

ውድ ቦሁሽ፣

ቀይዋን ጃዋ ሞተሬን ሸጥኳት። አዲስ ዓመት ሲመጣ ከምንለዋወጣት የሁለት መስመር ካርድ በቀር ጽፌልህ ስለማላውቅ፣ ይህን ፖስታ ስታይ ሰው የሞተ መስሎህ ይሆናል። ሁላችንም ደህና ነን። ዝደንካም ደህና ናት፤ እኔ ባሏ ግን አሰልችቻታለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ወደ ጋራዡ እሄዳለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ ባዶውን ወለል አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ኩሽና ገብቼ ሻይ እቀዳለሁ፣ ሳልጠጣው እንደገና እወጣለሁ። «ወይ ተቀመጥ ወይ ከቤት ውጣልኝ፤ አንዱን ምረጥ» ትለኛለች። ይህንንም የምጽፍልህ ወረቀቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቼ፣ ቆሜ ነው።

የሸጥኳት በዓይኔ ምክንያት ነው። የግራው ከጎን የሚመጣ ነገር አያሳየኝም። ባለፈው መኸር አንድ ባለብስክሌት ለጥቂት ነው ያልገጨሁት፤ ከየት እንደመጣ እንኳ አላየሁም። ሐኪሟ ከእንግዲህ መንዳት የለም ስትለኝ አልተከራከርኳትም።

አንተ ካየሃት ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ። ብታያት ግን ወዲያው ትለያት ነበር፤ ቀይ ቀለሟ ያው ነው። ካቴናዋን በየእሑዱ እጠርግና ቅባት እቀባ ነበር። የጎማዋን ራጂዎች፣ እነዚያን ቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ አንድ በአንድ በማንኪያ እየመታሁ ድምፃቸውን እሰማ ነበር፤ የላላው ይለያል። ብርዱ ሲገባ ባትሪዋን አውጥቼ መኝታ ቤት አስቀምጠው ነበር። ዝደንካ «እሷን ብታገባ ይሻልህ ነበር» እያለች ትስቅብኝ ነበር። የመንደሩ ሰው ይህን ሁሉ ፍቅር ይለዋል። ፍቅርም አለበት። ሌላም ነገር አለበት፤ የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው።

ገዢዋ ራድካ ትባላለች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ኦሎሞውትስ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ማክሰኞ ከምሳ በፊት በባቡር መጣች፣ ሄልሜቷን እንደ ዘንቢል ክንዷ ላይ አንጠልጥላ። ከእሷ በፊት ብዙዎች መጥተው ነበር፤ ሁሉም ገና ሰላም ሳይሉኝ ዝገት ፍለጋ ይጎነበሳሉ። እሷ መጀመሪያ እጇን መቀመጫው ላይ አሳረፈች። ወደድኳት። መለዋወጫውንም ሁሉ ውሰጂው ብዬ መሳቢያውን ከፈትኩላት።

መሳቢያው በፊተኛው ጎማ ፍሬን ሽቦዎች የተሞላ ነበር፤ እያንዳንዱ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

«ይሄ ሁሉ አዲስ ነው እንዴ?»

«እያንዳንዳቸው አንድ ዓመት ሠርተዋል። በየፀደዩ እቀይራለሁ።»

«ለምን? ይሄ እኮ ገና ስንት ዓመት ይሠራል።» አንዱን በጣቶቿ መሃል አሻሽታ አየችው። ከዚያ ቀና አለች። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይቺ ሞተር ወድቃ ታውቃለች?»

ያኔ ስንወድቅ ፖሊሱ ሲጠይቀኝ፣ እርጥብ ቅጠል አንሸራተተኝ አልኩት። እናትህም ሲጠይቁኝ ያንኑ አልኩ። ለዚህች ሴት ግን መዋሸት አቃተኝ። በዚያው ፍሬን ተማምና ወደ ቤቷ ልትነዳ ነው።

«አንዴ ወድቃለች» አልኳት። «ጓደኛዬ ከኋላዬ ነበር። የፍሬኑ ሽቦ መበጣጠስ እንደጀመረ ዓርብ ዕለት አይቻለሁ። አዲሱም እጄ ላይ ነበር። ቅዳሜ ጭፈራ ስለነበረን ቸኮልኩ። ሰኞ እቀይረዋለሁ አልኩ።»

ቦሁሽ፣ የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ። የሶላን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ስጨብጠው እጄ ውስጥ ባዶ ሆነ። አንተ ከኋላዬ ትዘፍን ነበር። ያ የወንዶች ጭፈራችን፣ ከቁጢጥታ ተነስተህ የሰው ትከሻ እስኪያህል የምትዘልበት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በተሰበረው ጉልበትህ አልሆነም። ሃያ አራት ዓመትህ ነበር። አልጋህ አጠገብ ቆሜ ሳለቅስ «አንተ ምን ታደርግ፣ ቅጠሉ ነው» አልከኝ። እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ወደ ብርኖ ሄድክ። እየመጣሁ መጠየቄን መጀመሪያ ቀነስኩ፣ ቀጥሎ ተውኩት።

ራድካ «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለችና ሽቦዎቹን በሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሞተሯ በመጀመሪያው ርግጫ ተነሳች። እኔ እንደ ሞኝ በእግሬ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ተከተልኳቸው። የሞተሯ ድምፅ ከወንዙ ማዶ ለጥቂት ጊዜ ይሰማኝ ነበር፤ አንድ ግንድ የጫነ መኪና አለፈና ዋጠው።

ስመለስ ዝደንካ በራፉ ላይ ቆማለች። የኩሽናው መስኮት ክፍት ነበር።

«ሰምተሻል» አልኳት።

«ሰምቻለሁ።»

«እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ...»

«ሊቦር፣ እኔ አውቃለሁ። ቦሁሽም ያውቃል።»

መቀመጥ ያቃተኝ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው። ሆስፒታል ልትጠይቅህ ስትመጣ የነገርካትን ሁሉ ነገረችኝ። መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ወድቀህ ራስህን አልሳትክም ነበር። ሰው ከመድረሱ በፊት የተበጠሰውን ሽቦ ፈትቼ ኪሴ ስከተው አይተኸኛል። «አትንገሪው፤ ካወቀ ዓይኔን ማየት ያፍራል፣ ጓደኛዬን አጣለሁ» አልካት። እሷም ቃልህን ጠበቀች፤ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ውስጥ እየኖረች።

ጓደኛህን ግን እንዲያም ሆኖ አጣኸው። ዓይንህን ማየት አፍሬ ነው የጠፋሁት። አንተ እኔን ላለማጣት ዝም አልክ፣ እኔ ባለመናገሬ ሸሸሁህ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ አለቀ። አንዴ በራሴ አፍራለሁ። አንዴ በአንተ እናደዳለሁ፤ ያን ቀን ከአልጋህ ላይ ብትሰድበኝ ኖሮ እላለሁ። ከዚያ ለመናደድ ምን መብት አለኝ ብዬ እንደገና እወጣለሁ።

የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር ብርኖ እመጣለሁ። አትምጣ ብለህ ብትጽፍልኝም እመጣለሁ፤ ለአንዴ እንኳ ሳልሸሽ ልምጣ። በሩን ፊቴ ላይ ብትዘጋው መብትህ ነው። ግን ራስህ ዝጋው፤ ሚስትህን አትላክብኝ። ካስገባኸኝ ደግሞ ሳታቋርጠኝ ስማኝ። እንደምታውቀው ባውቅም፣ ከአፌ እንድትሰማው እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን በለኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የያዝከውን ሁሉ።

«ጓደኛህ» ብዬ መፈረም እችል እንደሆነ ያን ቀን ትነግረኛለህ። ለጊዜው፣

ሊቦር