ያልተፈረደበት ይቆይ

ጥቅምት 6
ዝናብ። የቢሮው ማተሚያ ዛሬም ወረቀት ጎረሰ። ረቂቅ ሕጉን እንደገና አረምኩ። የእስር ቤት መጨናነቅ ለመቀነስ... ሰው ሳይጎዳ የታሰረ፣ የፍርዱን ግማሽ ከጨረሰ ይወጣል። ፍርድ ሲጠብቅ ዓመት ያለፈውም በዋስ ይውጣ ብዬ አንቀጽ ጨምሬያለሁ። ታናሼ ከነዚህ አንዱ ነው። ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ጄኔሬተር ጠፋ፤ ኃላፊው እሱ፤ በቃ፣ ገባ። ለእሱ ብዬ ነው? አይደለም። ቢሆንስ?

ጥቅምት 14
የኮሚቴው ሰብሳቢ አንቀጼን ሰረዙት።
"ያልተፈረደበትን ሰው ከምኑ ነው የምንምረው?"
"እንግዲያው የሰረቀው ይውጣ፣ ያልሰረቀው ይቆይ?"
"እርስዎ ደግሞ ነገር ማክረር ይወዳሉ!"
ሳቁ። ሻይ መጣ።

ኅዳር 2
ጸደቀ። በጭብጨባ።

ኅዳር 9
ታናሼን ልጠይቅ ሄድኩ። ሽቦው ማዶ... ከስቷል። ሕጉን በቃሉ ይዞታል።
"ጋሼ፣ ጥፋተኛ ነኝ ልል ነው።"
"አብደሃል?"
"ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው። ሁለቱን እዚሁ ጨርሻለሁ። ወዲያው ቤቴ ነኝ።"
"ያልሰረቅከውን?"
"የሰረቁትማ እየወጡ ነው። አጠገቤ የሚተኛው ሌባ ትናንት ብርድ ልብሱን መርቆልኝ ሄደ።"
ሳቀ። ሳቁን ጠላሁት።
"እውነቱን አንተ ያዝልኝ ጋሼ። እኔ ልጆቼ ጋ ልግባ።"
ምን ልበለው? ቆይ? እስከ መቼ?

ኅዳር 23
ችሎት። "ተገደህ ነው?" አሉት ዳኛው። "ኧረ በፈቃዴ።" ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ... ሦስት ዓመት ፈረዱበት። እፎይ አለ። ሦስት ዓመት ተፈርዶበት እፎይ የሚል ሰው አየሁ።

ታኅሣሥ 1
ወጣ። ሬዲዮው የእስረኛ ቁጥር ቀነሰ ይላል። ልክ ነው፣ ቀንሷል። መሥሪያ ቤቴ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። ቀደድኩት።

ታኅሣሥ 20
የሰፈሩ ሰው መንገድ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ የሚተወው ታናሼ ጋ ነበር። ከታሰረ በኋላም ጎረቤታችን ጡረተኛዋ ነርስ "እሱ የሰው ነገር አይነካም!" እያለች ከፖሊስ ጋር ሳይቀር ተጣልታለታለች። ዛሬ ልጇ ጋ ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። ሁለታችንም ደጅ ቆመናል። አገላብጣ ሳመችው። "እንኳን ለቤትህ አበቃህ የኔ ጌታ!" እሱም እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ።
ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ።
"አንተ ጋ ይሁን... እሱ ትንሽ ይረፍ።"
እጁን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። ሻንጣዋን ግን እስከ ታክሲው ተሸከመላት፤ እሷም ከኋላው፣ ዓይኗን ከሻንጣው ሳትነቅል።