ከኖርፎክ እስከ ኬፕ ኮድ፣ ለሁለት ሰው ብቻ

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 14። ጠዋት 4 ሰዓት

እግሬ አብጧል። ትናንትም ሺፍቱን ሙሉ ቆሜ ካርድ ሳድል አመሸሁ። ሰናይት ከወጣች ቆይታለች። የበላችበት ሳህን ታጥቦ ተደፍቷል፤ የኔ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ተሸፍኗል። ሚስቴን በሳህን ነው የማውቃት ማለት ይቻላል። እሷ ሜዲካል ዲስትሪክት ካሉት ሆስፒታሎች ባንዱ በቀን ሺፍት በሽተኛ ታገላብጣለች። እኔ ከሰዓት በኋላ ካዚኖ ገብቼ እሷ ከተኛች በኋላ እመለሳለሁ። ኦፋችንም አይገጥምም። የሷ ቅዳሜና እሑድ፣ የኔ ረቡዕና ሐሙስ።

የዕረፍት ሳምንት መምረጫው፣ ቢዱ የሚሉት፣ ወጣ። በሥራ ቆይታ ተራ ስለሆነ የሚመረጠው፣ አንጋፋዎቹ ጁላይንና ዲሴምበርን ወሰዱ። ለኔ የተረፈው የሜይ ሦስተኛ ሳምንት ነው። የሷም ለዚያው ሳምንት ተፈቅዷል። ወደዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ዕረፍታችን ሲገጥም የመጀመሪያው።

ዕቅዱ ይሄ ነው። ከዚህ በረሃ እስከ ቨርጂኒያዋ ኖርፎክ በአውሮፕላን። ከዚያ መኪና ተከራይተን ጠረፉን ይዘን ወደ ሰሜን፣ ቦስተን አጠገብ እስካለው ኬፕ ኮድ። ስትራይፐር የሚሉት ባለ መስመር ዓሣ በዚህ ወር ውሃው ሲሞቅለት ወደ ሰሜን ይጓዛል። እኛም ከኋላው። ከአሸዋው ላይ ሆነን እንወረውራለን። ጀልባ የለም፤ ሰናይትን ያዞራታል።

ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ፤ ግን ልጻፈው። ሲያትል ያለችው እህቷ ነይ ብላታለች፤ ሥራም ክፍልም አለ። የአፓርታማው ውል ጁን ላይ ያልቃል። ሰናይት በፌብሩዋሪ በረጋ ድምፅ ነገረችኝ። አልተጣላንም፣ ግን አብረን አይደለንም፤ አዲሱን ውል ሁለታችን እንደምንፈርም ወይ አንተ ብቻ እንደምትፈርም አላውቅም አለች። አንድ ሳምንት አብረን ነቅተን እንዋልና እንየው አልኳት። ይሁን አለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ለዘመድ እንዳንናገር።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 16

ትናንት አመሻሽ ላይ ፓርኪንጉ ውስጥ ተለማመድን። መንጠቆውን አወጣሁና ለክብደት የሚታሰረውን እርሳስ ብቻ ተውኩት። የባሕር ዳር ዘንግ ረጅም ነው፤ ሳሎናችን ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ ተጋድሞ ነው የሚተኛው። እኔ የማውቀው የከተማ መናፈሻ ኩሬ ነው፤ በትንሽ ዘንግ አምባዛ እይዛለሁ። ይሄኛው በክንድ ሳይሆን በወገብ ነው። ስወረውር እርሳሱ እግሬ ሥር ወደቀ።

ሰናይት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ዘንጉን ተቀበለችኝ። በሽተኛ ልታነሳ ስትል እንደምትቆመው ቆመች። ስትወረውር እርሳሱ የመኪና መጠለያውን አልፎ ማዶ ቆርቆሮ ላይ ኳ አለ። ምድር ቤት የሚኖረው ጡረተኛ ወጥቶ ምን እያጠመዳችሁ ነው አለ። ባል ነበር፣ አመለጠኝ አለችው። ሰውዬው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ ዘግይቼ።

ከዚያ ሞቴል መረጥን። ጥቂት እንዳየች ስልኩን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። ከእጇ ሳነሳው ስክሪኑ ላይ የነበረው የደላዌር ባሕር ዳር ነው። ቀድማኝ ሄዳለች።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 24

ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም።

ትናንት ማታ የጸሎት ቡድናችን ሮድስ ራንች በሚባለው ሰፈር፣ ወንድም ዘሪሁን ቤት ነበር። እንደ ወጉ እያንዳንዱ የጸሎት ርዕሱን ይናገራል። አንዱ የዜግነት ፈተና አለበት። አንዷ ጉልበቷ። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። እኔ ስለ ትዳሬ ጸልዩልኝ አልልም። ሁሉም ያየኛል። ምንም የለኝም ማለት ደግሞ ትዕቢት ይመስላል። የጉዞ ጸሎት አልኩ።

የዘሪሁን ሚስት እህት አስቴር ወዴት ነው አለች። ምስራቅ። ምስራቅ የት? ሰናይት ምንጣፉን ታያለች። አንዴ ከአፌ ወጥቷል፤ ዓሣ ልናጠምድ ነው ብዬ ቨርጂኒያ፣ ደላዌር፣ ኒው ጀርዚ እያልኩ ዘረዘርኩት። ሜሪላንድማ እህቴ አለች፣ ከአክስትህ ጋር አንድ ቸርች ናቸው አለች አስቴር። ዘሪሁን ሲጸልይ ጌታ ሆይ፣ ዓሣውን በቀኛቸው በኩል ሰብስብላቸው አለ። ሰው ሁሉ እየሳቀ አሜን አለ።

ሻይ ሳይቀርብ ሦስት ሰው እቃ ታደርስልኛለህ ብሎ ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። ለሁሉም እሺ አልኩ።

መኪና ውስጥ ሰናይት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰፈራችን ፓራዳይዝ እስክንደርስ ሬዲዮውን እንኳ አልከፈተችም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 25

ጠዋት ስልክ ቀሰቀሰኝ። አክስቴ እትዬ ወይንሸት፣ ከሜሪላንድ። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ የተቀበሉን እሳቸው ናቸው። ያን ክረምት ሳሎናቸው ውስጥ ነው ያሳለፍነው።

“በደጄ ልታልፍ ነው አሉኝ።”

“ማን ነገረዎት፣ እትዬ?”

“ማን ነገረዎት ይላል! የማያውቅ ማን ቀረና? ለመሆኑ የናፈቀህ ዓሣ ነው? እዚህ ሱቁ ሞልቶ የለም እንዴ፣ ተልጦ፣ ታጥቦ?”

“መያዙን ነው፣ እትዬ።”

“መያዝ! መጥተህ እኔን ያዘኝ።”

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አልመጣም ማለት ያለብኝ ያኔ ነበር። በግ እናዘጋጃለን ሲሉ እግዜር ይስጥልን አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 28። ከቀኑ 6 ሰዓት

መንገዱ እያለቀ ነው። በዘመድ አለቀ።

እትዬ ኖርፎክ ምን ዘመድ አለህ ብለው ጠየቁ። የለኝም። ስለዚህ ከአውሮፕላን የምንወርደው እሳቸው አጠገብ፣ ባልቲሞር ሆነ፤ ልጃቸው ብሩክ ኤርፖርት ይቀበለናል። ብሩክ ራሱ ፊላደልፊያ ነው የሚኖረው። የልጁን የምርቃት ጸሎት ለኛ ሲል ወደዚያ ሳምንት አዛውሮታል። ቦስተን ደግሞ የሰናይት የአጎት ልጅ አለች፤ እንዴት እንደሰማች አይታወቅም፣ አንሶላ ገዝቻለሁ ብላ ቴክስት አድርጋለች። ኒው ጀርዚ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ተርፎ ነበር። እሱንም የድሮ ደባሌ ወሰደው።

ማደሪያውን አስቤዋለሁ። በየቤቱ ሴቶቹ አንድ ክፍል፣ እኔ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ። ጠዋት ቁርስ ረጅም ነው፤ ምሳ ከቁርስ ይያያዛል። ዓሣው ለመብላት የሚወጣው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በሁለቱም ሰዓት እኔ ብሉልኝ እየተባልኩ ነኝ።

ሥራ መሄጃዬ ደረሰ። ሸሚዜን አልተኮስኩም።

እሑድ፣ ሜይ 3

ከመውጣቴ በፊት አዲሱን ዕቅድ ለሰናይት አሳየኋት። ስልኬን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ጥሩ ነው፣ ዘመዶችህ ደስ ይላቸዋል አለች። ስልኬን መለሰችልኝ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ እህቷ ጋ ደወለች። በሩን ዘጋችው። በሩን ዘግታ አታወራም ነበር።

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እቃው ደግሞ እየመጣ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሐበሻ ቀሚስ ከነሳጥኑ፣ ግድግዳ የሚያህል የሠርግ ፎቶ። የአስቴር የግፊት ድስት ብቻውን አንድ ሻንጣ ይፈልጋል። ሜሪላንድ ድስት የሌለ ይመስል!

ከመኝታ ቤት ስትወጣ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ካዚኖው ዕረፍቴን ካንስል አደረገው እንበል። አየችኝ። ሰዎቹ እየጸለዩልን እኔ አልዋሽም አለች። ደግሞስ ዋሽተን ሳምንቱ የት ሊያልፍ ነው፣ እዚሁ መጋረጃ ዘግተን? ትክክል ነች። እውነቱን ተናገር ግን አላለችኝም። ከኔ የጠበቀችው አይመስልም።

ሐሙስ፣ ሜይ 7

ኦፍ ነኝ። ጠዋት እቃውን ሁሉ መኪና ላይ ጭኜ ዘሪሁን ቤት መለስኩት። አስቴር አልነበረችም፤ እድል ነው።

“ምነው፣ ሻንጣው ጠበበ?” አለኝ ዘሪሁን።

“ሳምንቱ ነው የጠበበው። ማንም ቤት አንገባም።”

ድስቱን እንዳቀፈ ቆሞ አየኝ። “አክስትህም ቤት?”

“እሳቸውም ቤት።”

“ወንድሜ፣ እኔ ብሆን አልደፍርም” አለ። ከዚያ ግን ለባለቤቶቹ ሊመልስልኝ ቀሚሱንም ፎቶውንም ተቀበለኝ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰናይት ከሥራ ገባች። እሷ እያለች ልደውል ብዬ ነው የጠበቅኩት። ለእትዬ ልደውል ነው አልኳት፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ከፈትኩት። ወንበር ስባ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

“እትዬ፣ ቤት አንመጣም።”

“ታማችሁ ነው?”

“ደህና ነን።”

“ታዲያ?”

“ባሕሩ ዳር ነው የምንሰነብተው። ብቻችንን።”

ከጀርባቸው የሚሰማውን ቴሌቪዥን ዘጉ። ሲመለሱ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። የሚያስፈራው እሱ ነው።

“ግርምሽ፣ እሷ ናት አይደል? አንተማ እንዲህ አይደለህም። እሷ ናት በለኝና ይለቀኝ።”

ሰናይት ቀና አላለችም። የጫማዋን ክር ታያለች። ለኔ በሩ ተከፍቶልኛል። እሷ ናት ማለት እንኳ አያስፈልገኝም፤ ዝም ብል የቀረውን እሳቸው ይሞሉታል። እኔ የተወደድኩ የእህት ልጅ ሆኜ እኖራለሁ። እሷም ያስቀረችኝ ሚስት ሆና።

“አይደለችም፣ እትዬ። እኔ ነኝ። ከሚስቴ ጋር ብቻዬን መሆን ፈልጌ ነው።”

ለአክስት እንዲህ አይባልም። በአማርኛ ሲወጣ እኔንም አስደነገጠኝ።

“አታፍርም?” አሉ። “በዚህ ሽበትህ?”

“አፍራለሁ።”

“ሳሎኔን ለቅቄ፣ ስንት ብርድ አብረን...” አልጨረሱትም። ዘጉት።

ሰናይት አንድ ጫማዋን አወለቀች። ሌላውን ተወችው። አሁን ብሩክ ይደውላል፣ አታንሳ አለችኝ። ደወለ። አላነሳሁም። ተቀምጠን እስኪያቆም ሰማነው፤ ደግሞ ጀመረ። ሁለተኛው ላይ ሳቋ መጣ፤ አፏን በእጇ ያዘች። የደስታ ሳቅ አልነበረም። ግን እኩል ነቅተን ነበር።

ዓርብ፣ ሜይ 15። ከቀኑ 9 ሰዓት

ዕረፍቴ ከዛሬ ጀምሯል፤ ነገ ጠዋት እንበራለን። ትኬቱን ሰናይት ራሷ መልሳ ወደ ኖርፎክ አዛወረችው።

ብሩክ በመጨረሻ ጻፈልኝ። እናቴ ስምህ ሲነሳ ከክፍሉ ትወጣለች ይላል። የምርቃቱን ቀን ወደ ቦታው መልሶታል። የቦስተኗ አንሶላውን በተመለከተ ምንም አላለችም፤ የላኩላትን ይቅርታ አይታዋለች፣ አልመለሰችም። ቸርች ውስጥ አስቴር ከሩቅ ሰላም አለችኝ። ዘሪሁን ብቻ ወጥተን ስንሄድ ጠጋ ብሎ ሞቴሉ የቱ ነው፣ ለወደፊቱ እንዲሆነኝ ነው አለ።

እትዬ ጋ በራሴ ኦፍ ብቻዬን ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ይቅር ይሉኝ እንደሆነ አላውቅም። ቢሉም ያ ሳሎን እንደ ድሮው አይሆንም። ዋጋው ይሄ ነው፤ ከፍዬዋለሁ፣ አልከራከርም።

ሰናይት ስለ ሲያትል አታነሳም። እኔም አልጠይቅም። ሳምንቱ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም። ሁለት የደከመን ሰዎች ነን፤ ምናልባት መጀመሪያ እንተኛ ይሆናል። ዓሣውም ቀድሞን ወደ ሰሜን አልፏል የሚሉ አሉ። ይሁን። በዚያ ሁሉ ጠረፍ ላይ ያለን ሰው ሁሉ መሄዳችንን ያውቃል። የሚጠብቀን ግን የለም።

ማስታወሻዬ፣ አንቺን ሻንጣው ውስጥ ከካልሲዎቹ ሥር ከትቼሽ ነበር። አሁን አወጣሁሽ። እዚያም ብወስድሽ፣ እኔ ስጽፍ እሷ ማዶ ትቀመጣለች፤ ጨርሼ ቀና ስል ተኝታ አገኛታለሁ። እዚያ የሚባል ነገር ከተገኘ ለሷ ልበለው። አንቺ እዚሁ ቆዪ።