ሰኞ ነው ሐሙስ?

ውድ ኃይለልዑል፣

በሌላው ስምህ ልጽፍልህ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የላሜራ ግድግዳ ተካፍለን፣ አንተ ዚፕና ቁልፍ ስትሸጥ እኔ ልብስ ስሰፋ፣ የማውቅህ በዚህ ስም ነው። ስለዚህ አትቀየመኝ።

ያን ሐሙስ "ጠሂራ፣ መጣሁ፣ ሱቁን እይልኝ" ብለኸኝ ወጣህ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋሼ አሸብር ከፊት ለፊት ከክር መደብራቸው ስልካቸውን ይዘው መጡ። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ የስም ዝርዝር ነበር። አራተኛው ፎቶ ያንተ ነው። ከሥሩ "ይገረም" ይላል፤ የመረጃ ኦፊሰር እንደሆንክና በጨርቅ ጥቅል ውስጥ የጦር መሣሪያ የሚያስገቡ ሰዎችን ለመከታተል መርካቶ እንደተተከልክ ይላል።

"ይሄ የኛ ልጅ አይደለም እንዴ?" አሉ ጋሼ አሸብር።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይቻቸው የማላውቃቸው አራት ሰዎች መጥተው "የት ሄደ?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ፤ እውነቴን ነበር። መሳቢያህን ሁሉ ገልብጠው፣ ዚፑን አስፋልት ላይ በትነው ሄዱ። አንዱ ሰውዬ ሲወጣ ጉሮሮዬን ትክ ብሎ አየኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይተህ ወጥተህ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም አስበዋለሁ።

ከዚያ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ "ጀግና ነበር" ይላል፣ ገሚሱ "ጆሮ ጠቢ፤ ስንቱን ወሬያችንን ወስዶ ይሆን" ይላል። እኔ ከሁለቱም መሆን አቃተኝ። አባቴ የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ሱቅህን ዘግተህ ለቅሶ የተቀመጥከው ኃይለልዑል ነበር ወይስ ይገረም? በረመዳን ከእኔ ፊት ውሃ እንኳ የማትቀምሰው ማን ነበር? ያ ሁሉ ሥራ ነበር እንዴ?

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመሥሪያ ቤታችሁ ኃላፊ ነገሩን የሚያጣራው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሲሰጡ በቴሌቪዥን ተላለፈ። እኔና እህቴ ሰኪና ከጋሼ አሸብር መደብር ቆመን አየን። ሰውየው ረጋ ያሉ ናቸው፤ ሲናገሩ አይንተባተቡም። "ዝርዝሩ ከእኛ አልወጣም" አሉ። "እኛም እንደማንኛውም ሰው ያወቅነው ሐሙስ ዕለት ነው፤ ባወቅን በደቂቃዎች ውስጥ ኦፊሰሩን አስወጥተናል።" አንዷ የኮሚቴ አባል "ታዲያ ከየት ወጣ?" ብላ ስትጠይቃቸው፣ "ኦፊሰሩ በገበያው ውስጥ ከሚቀርባት አንዲት ነጋዴ ሴት አፍ እንደወጣ ፍንጭ አለን" አሉ።

መደብሩ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስሜን አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም።

ኃይለልዑል፣ ሰውየው ሐሙስ ሲሉ ያልተናገሩት ሰኞ አለ። በዚያው ሳምንት ሰኞ፣ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ መብራት የጠፋ ዕለት፣ የስፌት መኪናዬ ዝም ስላለ ከላሜራው ማዶ የምታወሩት ይሰማኝ ነበር። ሁለት ሰዎች በነጭ ፒካፕ መጥተው አነጋገሩህ። አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከቤት ነው የወጣው" ሲልህ ሰምቻለሁ። አንተ "እና እዚሁ ልቀመጥ?" አልክ። "ለጊዜው እንዳለህ ሁን" አለህ። ያኔ ስለ ዕቃ የምታወሩ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሌት ተቀን ይመላለስብኛል። ከቤት ማለት ከየትኛው ቤት ነው? ከመሥሪያ ቤት ነው? ከአንተ ቤት ነው? እና ሰኞ ካወቁ እስከ ሐሙስ ለምን ተውህ?

ለኮሚቴው ሄጄ ልንገር ስል ጋሼ አሸብር ተቆጡ። "ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። ልብስሽን ስፊ!"

"እኔን በአገር ፊት ሲከሱኝስ ጋሼ?"

"ስምሽን መቼ ጠሩ?"

እኔን ግን ያስፈራኝ እሳቸው የፈሩት አልነበረም። አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። አምና ገበሩን እንድቀይርልህ የሰጠኸኝ ቡናማ ጃኬት ትዝ ይልሃል? ገበሩን ስፈታ በእጅ የተሰፋ ሌላ ኪስ አገኘሁ። መታወቂያ ነበረበት፤ ፎቶው ያንተ፣ ስሙ የሌላ ሰው። መልሼ እንደነበረው ሰፋሁትና ምንም እንዳላየ ሰው ጃኬቱን ሰጠሁህ። ያን ቀን ለሰኪና "ይሄ ሰውዬ ሁለት ስም አለው" አልኳት። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ አላነሳሁትም።

ኃላፊው ከተናገሩ በኋላ ሰኪናን ይዤ ጠየቅኳት።

"ለማን ነገርሽ?"

"ወላሂ ለማንም!" አለችና መለስ ብላ "ለጃፋር ሳልነግረው አልቀርም... እየሳቅን" አለች። ጃፋር ባሏ ነው። ጃፋርን ስጠይቀው "እኔ እንጃ፣ አላስታውስም" አለኝ። እኔንም የገደለኝ ይኸው "አላስታውስም" ነው።

እንደዚያም ሆኖ ሄድኩ። ቲና የምትባል የኮሚቴው ጸሐፊ ተቀበለችኝ። ሰኞንም ጃኬቱንም ነገርኳት። ብዕሯን አስቀምጣ "እህቴ፣ የጃኬቱን ነገር ተዪው፤ በራስሽ አንገት ላይ ገመድ ታጠብቂያለሽ። ሰኞውን ብቻ ጻፊ" አለችኝ። ሰኞን ብቻ ብጽፍ ከኃላፊው በምን እሻላለሁ? ሁለቱንም ጽፌ ፈረምኩበት።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊውን ዳግመኛ ጠሯቸው። ሰብሳቢው ወረቀቴን እያዩ "ሰኞ ዕለት ወደ ሱቁ ሰው ልካችሁ ነበር?" አሏቸው። እኚያ የማይንተባተቡ ሰው መነጽራቸውን አወለቁ። "ሐሙስ ያልኩት በይፋ ያወቅንበትን ቀን ነው" አሉ። "በይፋ ያልሆነውስ?" "ለማጣራት ጊዜ ይሰጠኝ።" መርካቶ በሳቅ ፈረሰች። ጋሼ አሸብር ሳይቀሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ነጋዴ ሴት ስላሏት ግን ማንም አልጠየቀም፤ እሳቸውም ያሉትን አላስተባበሉም። ስለ ሰኞ ዋሹ ማለት ስለ እኔም ዋሹ ማለት ነው? ውሸታም ሰው በመሃል እውነት ጣል አያደርግም? ይሄን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

ትናንት እናትህ እማማ እቴቴ ከደብረ ማርቆስ መጡ። ከአውቶቡስ ተራ ፎቶህን እያሳዩ፣ እየጠየቁ ሱቄ ደረሱ። የተዘጋውን በርህን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው "እዚህ ልጄን ማን ነበር የምትሉት?" አሉኝ።

"ኃይለልዑል።"

ስሙን ሁለት ጊዜ ደጋግመው አሉት፣ የአራስ ልጇን ስም እንደምትለማመድ እናት። "ጥሩ ስም ነው" አሉ። "ሰው ይወደው ነበር?" ኃይለልዑል፣ አንዴም ሳላመነታ የመለስኩት ጥያቄ ይኼ ብቻ ነው። አዎ አልኳቸው።

በወር አንዴ አንድ ሰው ቤታቸው እየመጣ "ደህና ነው" እንደሚላቸው ነገሩኝ። ይህን ደብዳቤ ለእሱ ይሰጡታል። አንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እንደሚከፈት አውቃለሁ። ይክፈቱት፤ ከጻፍኩት ውስጥ ለኮሚቴው ያልነገርኩት የሰኪናና የጃፋር ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ነገ ሄጄ አስጨምረዋለሁ።

አንተን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ስምህ ከእኔ አፍ ወጥቶ ከሆነ "አዎ" ብለህ ላክብኝ። ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። ካልሆነም "አይደለም" በለኝ። ሁለቱንም እችላቸዋለሁ።

ሌላ ልነግርህ የነበረም ነገር አለ፤ ስድስት ዓመት ከላሜራው ወዲህ ይዤው የኖርኩት። እሱን ግን ሌላ ሰው ቀድሞ በሚያነበው ወረቀት ላይ አልጽፈውም። መጥተህ ትሰማዋለህ፣ ኢንሻ አላህ።

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ፤

ጎረቤትህ ጠሂራ
ሰባተኛ፣ መርካቶ