በአንቱታ ስለካዱኝ አመሰግናለሁ

ይድረስ ለክቡር አቶ ተከስተ
የጦር መሣሪያ ፈቃድና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስላላወቁኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ በር ላይ ሳይፈተሽ፣ ወረፋም ሳይዝ ከጠረጴዛዎ እንዲደርስልኝ እመኛለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደህና ናቸው? ስለ ወገብዎ እሰጋ ነበር፤ ባለፈው ማክሰኞ ግን አዲሱ ወንበርዎ ሰፊና ተሽከርካሪ መሆኑን በተከፈተው በር ስላየሁ ሐሳቤ ተቃልሏል። ዐይንዎ ግን አሳስቦኛል። በዚህ በጉልምስና ዕድሜዎ ሰው መለየት ከተሳነዎ ሐኪም ቢያዩት ይሻላል እላለሁ፤ የሚያውቁት ሰው ምክር ባይሆንም ይቀበሉኝ።

እንግዲህ ራሴን ላስተዋውቅ። ሸዋዬ ሊካሳ እባላለሁ። ካዛንቺስ ለልማት እስክትነሣ ድረስ እዚያው ልኳንዳ ቤት ነበረኝ። አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ ሥጋውን ደግሞ ቄራ አካባቢ በተከራየኋት ጠባብ ቤት እሸጣለሁ። ባሌ የሞተብኝ፣ ስድሳን ያለፍኩ፣ እስካለፈው ማክሰኞም ሕጋዊ ሽጉጥ የነበረኝ ሴት ነኝ።

አንዲት ባልቴት ሽጉጥ ምን ያደርግላታል የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ሰንጋ የሚሸጥልኝ የገጠር ነጋዴ ገንዘቡን በእጁ ቆጥሮ ካልተቀበለ የከብቱን ገመድ አይለቅም፤ በስልክ ላስተላልፍልህ ስለው በትሕትና ይስቅብኛል። ስለዚህ ገና ሲነጋጋ ገንዘቤን በመቀነቴ ቋጥሬ ወደ ከብት ተራ እወርዳለሁ። ባለቤቴ ኃይለገብርኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያው መንገድ ላይ ተደብድቦ እጁ ከተሰበረ በኋላ ነበር ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጡን የገዛው። እሱ ሲያርፍ ሥራውም መሣሪያውም ለእኔ ቀሩ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ጥይት አልተኮስኩም፣ ለመተኮስም ተመኝቼ አላውቅም። ቀና ብዬ እንድሄድ ያደርገኝ ነበር፣ ያ ይበቃኝ ነበር።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮዎ ተራ የሌለው ነገር እንደማያስተናግድ አይቻለሁና።

አንደኛ፣ ከዓመታት በፊት ስለሰጡኝ ምክር አመሰግናለሁ። መሣሪያ ያለው ሁሉ መጥቶ እንደገና ይመዝገብ የሚል ጥሪ የወጣ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ምን እንዳደረገ ያስታውሳሉ። አንዱ ከወለሉ ጣውላ ሥር ቀበረው፣ ሌላው በርበሬ ማድጋ ውስጥ ከተተው፣ ሦስተኛው ደግሞ ድሮ ሸጬዋለሁ ብሎ ማለ። እኔም ዝም ብዬ ለመቀመጥ አስቤ ነበር። እርስዎ ያኔ ተራ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናትዎን ወይዘሮ ጥሩዬን ሊጠይቁ መጥተው፣ ግቢ የምንጋራ ጎረቤታሞች ስለነበርን፣ እዚያው ከእሳቸው ጋር አገኙኝ። ስለ ሕግ፣ ስለ ዜግነት ግዴታ፣ የተመዘገበ ሰው ከመንግሥት ጥበቃ እንደሚያገኝ፣ የደበቀ ግን ኋላ እንደሚጸጸት ረዘም አድርገው አስረዱኝ። ስጋቴን ስነግርዎ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ እያለሁ ምን ያሳስብዎታል? ምስክርዎ እኔ ነኝ።»

እናትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰምተው ነበር። እኔም በማግስቱ ከሰፈሩ ቀድሜ ሄጄ ተመዘገብኩ። እርስዎም በቅስቀሳ ሥራዎ ተመስግነው ከፍ አሉ፤ እልል ካልነው መካከል እኔም ነበርኩ። ዛሬ ታዲያ የእነዚያ ጎረቤቶቼ ሽጉጥ በየሄዱበት እንደተደበቀ አለ። ማንም ስለማያውቀው ማንም አይወስደውም። የእኔን ግን ቢሮዎ ዓይነቱንና ቁጥሩን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ለመውሰድ አልተቸገረም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል የሰማሁት ለካ የራሴን ታሪክ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ስለ ደንባችሁ ጥበብ አመሰግናለሁ። ፈቃዱ ሲሰጠኝ መሣሪያው ከሰው ዐይን ተሰውሮ እንዲያዝ፣ ለማስፈራሪያም ሆነ ለጉራ እንዳይታይ ተነገረኝ። ደንቡ ትክክል ነው፤ ሽጉጡን እያሳየ የሚጠጣ ጎረምሳ ካዛንቺስ ውስጥ ስንቱን ቤት እንዳስለቀሰ አውቃለሁ። ስለዚህ እንደታዘዝኩት ደበቅሁት። ደላላው አያውቅም፤ ከእኔ ጋር ሥጋ የሚቆርጡት ሠራተኞች አያውቁም፤ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ጤና ይስጥልኝ የምንባባል ሰዎችም አያውቁም። አሁን አድራሻዬ ስለተለወጠ ፈቃዴን ላሳድስ ስመጣ፣ መሣሪያውን በጨዋነት መያዜን የሚመሰክሩ ሦስት የሚያውቁኝ ሰዎች እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ደብቀው ይያዙ ያለኝም፣ ሲደብቁ ያየ ሰው ያምጡ ያለኝም ያው አንድ ቢሮ ነው።

ትእዛዝ ነውና በየበሩ እየዞርኩ ለመንኩ። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ሜቲ የምትባል ልጅ እግር ጎረቤት አለችኝ፤ ደረጃውን ስወጣ ዘንቢሌን ተቀብላ የምታግዘኝ ደግ ልጅ ናት። ሽጉጥ እንዳለኝና ምስክር እንደምፈልግ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘንቢሌን ራሴ እሸከማለሁ፤ ልጆቿም በእኔ በር በኩል ሲያልፉ እየሮጡ ነው። ስንት ዓመት ሰውሬ የያዝኩትን ነገር በዚያ ሳምንት ብሎኩ ሁሉ አወቀው። ማክሰኞ ዕለት መወሰዱንም ወዲያው አውቋል። እንግዲህ ሲነጋጋ ገንዘብ ይዛ የምትወርድ አንዲት ባልቴት እንዳለች፣ በእጇም ምንም እንደሌለ የማያውቅ ሰው በአካባቢው የለም። ቢሮዎ ሽጉጤን ሲረከበኝ ወጣቱ ሠራተኛዎ ብዙ ገንዘብ ይዞ መንቀሳቀስ አደገኛ መሆኑን በትሕትና መከረኝ። ለቀባሪ አረዱት ማለት ይህ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለፈው ቅዳሜ ከብት ተራ ሳልወርድ ቀረሁ፤ ዛሬ ሰኞ ልኳንዳዬ ውስጥ የተሰቀለ ሥጋ የለም።

ሦስተኛ፣ ግድግዳችሁ ላይ ስለለጠፋችሁት ጽሑፍ አመሰግናለሁ። ወረፋ ስጠብቅ ደጋግሜ አነበብኩት፤ በዚህ ቢሮ በትውውቅ የሚፈጸም ጉዳይ የለም ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትንሽ ወረቀት፣ ባለጉዳዮች የሚያውቋችሁን ሰዎች ይዛችሁ ቅረቡ ይላል። የትኛውን እንደምታዘዝ ግራ ቢገባኝ ሁለቱንም በአክብሮት አነበብኳቸው።

አራተኛው ስለ ራሱ ስለ ማክሰኞ ነው፤ ይህን በአጭሩ ልጽፍ ብሞክርም እጄ እሺ አላለኝም።

ሁለት ምስክሮች ይዤ መጣሁ። አንደኛው የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ሁለተኛው ሱሌማን ነው፤ ካዛንቺስ ከልኳንዳዬ ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው፣ አሁን ከከተማው ዳር የተጣለው። ባለቤቴ ተደብድቦ የወደቀ ጊዜ ከመንገድ ያነሡት፣ ሽጉጡንም ለምን እንደገዛ የሚያውቁት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። ሱሌማን ሁለት ታክሲ ቀያይሮ፣ ሱቁን ዘግቶ መጣልኝ። ሃይማኖቱ ስለማይፈቅድለት ከልኳንዳዬ አንዲት ጉርሻ ቀምሶ አያውቅም። ሥጋዬን ያልቀመሰው ሰው ቆሞ መሰከረልኝ።

ሦስተኛ ምስክር ብዬ ያስመዘገብኩት እርስዎን ነበር። ለምን ቢሉ፣ ራስዎ ምስክርዎ ነኝ ስላሉኝ ነው። ደግሞም ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ሲነሡ የክርስትና አባትዎ የሆነው ባለቤቴ ኃይለገብርኤል ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳዎን የሚጥሉት ልኳንዳዬ ውስጥ ነበር፤ እናትዎ ከሥራ እስኪመለሱ ድረስ ከእኛ ጋር ይበሉ ነበር። ይህን የምጽፈው ጉርሻዬን ልቆጥርብዎ አይደለም። የሚያውቀኝ ሰው ሲባል ማን ፊቴ ላይ እንደመጣ እንዲረዱልኝ ብቻ ነው።

ሠራተኛዎ ፋይሌን ይዞ ከበርዎ ላይ ቆመ። እኚህ እናት እርስዎን በምስክርነት አስመዝግበዋል፣ ያውቋቸዋል ወይ ብሎ ጠየቀዎ። እርስዎም ቀና ብለው አዩኝ። ዐይን ለዐይን ተያየን። ከዚያ ወደ ወረቀትዎ ተመልሰው አንዲት ቃል ተናገሩ፦

«አላውቃቸውም።»

ክቡር ሆይ፣ ስለ አነጋገርዎ ጨዋነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አላውቃትም ማለት ይችሉ ነበር፤ እርስዎ ግን አላውቃቸውም አሉ። በዚህ ምድር በአንቱታ የተካደ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። ወይዘሮ ጥሩዬ ታላቅን በስሙ አትጥራ እያሉ ያሳደጉዎት በከንቱ አልቀረም። ጴጥሮስ እንኳ ጌታውን ለመካድ ሦስት ጊዜ ፈጅቶበታል፤ እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ በአንድ ጊዜ ጨረሱት። ዶሮ መጮኹን አልሰማሁም፤ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ዶሮ የሚያረባም የለ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ምስክር ሦስት አይሆንም ተባለና ሽጉጡን አስረከብኩ። ሱሌማን እስከ ታክሲ ተራው ሸኘኝ።

ምናልባት ፈርተው ይሆናል። ለራሱ ሰፈር ሰው አደላ፣ ለክርስትና አባቱ ሚስት ሽጉጥ ሰጠ ተብለው በግምገማ እንዳይነሡ ሰግተው ይሆናል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፤ ልቤ ግን ሊቀበለኝ አልቻለም። በበሩ የቆመው ባለጉዳይ ሁሉ ይሰማ ነበር። ውሸታም አሮጊት ሆኜ ቆምኩ።

አሁን ቀልዱን ላቁም። ሽጉጡ ይቅር። ብረት ነው፤ ከባለቤቴ በፊት ሌላ ሰው ይዞት ነበር፣ ከእኔም በኋላ ሌላ ሰው ይይዘዋል። እኔን ያንገበገበኝ የእርስዎ ቃል ነው። ቤቴ ሲፈርስ ያላለቀስኩት ቤት ቢሄድ የሚያውቀኝ ሰው አለ ብዬ ነበር። በሄድኩበት ሁሉ አዲስ ሰው ነኝ፤ ከየት እንደመጣሁ፣ የማን ሚስት እንደነበርኩ የሚያውቅ የለም። ማን እንደነበርኩ ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ እርስዎ ነበሩ። እርስዎም አላውቃቸውም ካሉ ታዲያ እኔ ማን ነኝ እያልኩ ታክሲው ውስጥ አለቀስኩ።

ደንቡ ካልፈቀደ ደንቡ አይፈቅድም ይበሉኝ፤ እኔ ከደንብ አልበልጥም። ሰንጋውን የማመጣበት ሌላ መላ እፈልጋለሁ፣ መላ ካጣሁም ልኳንዳዬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ነገር ግን አውቃቸዋለሁ፣ ጨዋ ሴት ናቸው፣ ደንቡ ግን አይፈቅድልኝም ለማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? በዚያች አንዲት ቃል ላይ ሽጉጡን ራሴ መርቄ እሰጥዎ ነበር።

የሥራ ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ዐይንዎን ያብራልዎ፣ የሚክዱት ወዳጅም አያሳጣዎ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

እርስዎ የማያውቋት፣
ወይዘሮ ሸዋዬ ሊካሳ
የቀድሞዋ ካዛንቺስ ልኳንዳ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለጎተራ ብሎካችን ነዋሪዎች፣ አሁን ባዶ እጄን መሆኔን ተረድተው ልጆቻቸውን እንዳይከለክሉኝ
ሲነጋጋ መንገድ ላይ ለሚጠብቁኝ፣ ወሬው ቀድሞ ስለደረሳቸው አልተላከም

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ትናንት እሑድ እድራችን እንደ ልማዱ ቂርቆስ ተሰብስቦ ነበር። ሰፈሩ ቢፈርስም እድሩ አልፈረሰም፤ ሰው ከየተበተነበት እየመጣ ይሰበሰባል። ወይዘሮ ጥሩዬ ካረፉ ወዲህ በእሳቸው ቦታ ለመተካት ያቀረቡት ማመልከቻ ተነበበ፤ ለካ ቀባሪ ለኃላፊም ያስፈልጋል። በእድራችን ደንብ ተተኪውን አውቀዋለሁ ብሎ የሚመሰክር አንድ ነባር አባል ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ማክሰኞ ዕለት ከጎኔ ቆመው የሰሙ ናቸውና ጥያቄውን ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ተሰብሳቢውም ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ብድግ ብዬ አውቃቸዋለሁ አልኩ፣ ማመልከቻዎም ጸደቀልዎ። ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅዎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢጠይቁኝ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ነው እላቸው ነበር።