ዳቦን አርባ አንድ፣ የልጄን እግር ካልሲ ላለው መለኪያ ባለቤት

ግንቦት 14 ቀን፣ ጋምቤላ

ለተከበሩ የ«ልክክ» የኢንተርኔት ጫማ መደብር የእግር ልኬት ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ለመላ አካልዎ ጤንነት፣ በተለይም ከቁርጭምጭሚትዎ በታች ላለው ክፍል፣ ከባሮ ዳር መልካም ምኞቴን እልካለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው ጋትኬክ ያክ ይባላል፤ በጋምቤላ መናኸሪያ ዕቃ እየጫነና እያወረደ የሚኖር፣ በማታው የጎልማሶች ትምህርት ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በዘጠኝ ምሽት የጨረሰ፣ በክልሉ ታሪክ አቻ ያልተገኘለት ተማሪ ነው። ዘጠኝ ምሽት ያልኩት ዝናብ የጣለበትን፣ መብራት የጠፋበትንና እኔ ራሴ የቀረሁበትን ሳልቆጥር ነው፤ ሁሉም ይቆጠር ከተባለ ወደ ዘጠኝ ወር ይጠጋል። «ኘ»ንም እስካሁን ደብተር ገልጬ እያየሁ ነው የምጽፋት፤ የልጄ ስም በእሷ ዘር ባይጀምር ኖሮ ትቻት ነበር።

ማንበብ እንደቻልኩ በስልኬ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ የእርስዎ ማስታወቂያ ነው። «እግርዎን ፎቶ ያንሱ፣ ልክዎን እኛ እንነግርዎታለን፤ ከእንግዲህ የሚጠብ ጫማ የለም» ይላል። ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማኝ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የደስ ደስ ያለው ጽሑፍ ነበር፤ የጻፈውን ሰው እጁን ይባርከው፣ እግሩን ግን እንጃ።

ልጄ ኛሩዋይ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች፤ በበራችን ጎንበስ ሳትል አትገባም። ለክልሉ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሴቶች ቡድን ምርጫ በሚያዝያ መጨረሻ ቅዳሜ ተቀጥሮ ነበር። አሠልጣኙ ዱዎት፣ ሜዳው ሲሚንቶ ስለሆነና በእኛ ፀሐይ እንደ ምጣድ ስለሚግል፣ ደህና የመጫወቻ ጫማ ያላደረገች ልጅ ሜዳ አትገባም ብሎ አስቀድሞ ተናግሯል። የኛሩዋይ አሮጌ ጫማ ደግሞ ጣቶቿን በፊት በኩል ካስወጣ ቆይቷል።

በእኛ ከተማ ጫማ ከሩቅ የሚያስመጣ ሰው እግሩን በሲባጎ ይለካል። ሲባጎው ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ጫፍ ይቆረጥና ለነጋዴ ይሰጣል፤ ነጋዴው ጫማው ውስጥ ዘርግቶ ያየዋል፣ አለቀ። ገበያ ላይ ጫማ የምትሸጠው ወይዘሮ ፈትሂያ «የኛሩዋይ አባት፣ ሲባጎውን ቁረጥና አምጣልኝ፣ ወላሂ በሳምንት አስመጣልሃለሁ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን አሁን የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ሲባጎ ናቅሁ። ይህችን አንዲት ጥፋት ለራሴ ወስጃታለሁ። የቀሩት የእርስዎ ንብረት ስለሆኑ በቁጥር አድርጌ እመልስልዎታለሁ።

1ኛ. እግርን በስልክ ፎቶ የሚለካው መሣሪያዎ ባዶ እግር ነጭ ወረቀት ላይ ይቀመጥ ባለው መሠረት ልጄ እግሯን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ወረቀቱ ላይ ቆመች፤ እኔም ፎቶ አነሳሁ። መሣሪያዎ በታላቅ ትሕትና «እባክዎ ካልሲዎን ያውልቁ» አለን። ኛሩዋይ እግሯን አየች። እኔም እግሯን አየሁ። ብርሃን አንሶት ይሆናል ብለን ወደ ደጅ ወጣን፤ መቼም በጋምቤላ የጎደለ ነገር ቢኖር ፀሐይ አይደለም። አሁንም «ካልሲዎን ያውልቁ» አለ። በሦስተኛው «ካልሲዎን አውልቀው እንደገና ይሞክሩ፣ እናመሰግናለን» ሲል ምስጋና ጨመረበት። ልጄ ጥቁር ናት ክቡር ሆይ። እናቷም ጥቁር ናት፣ እኔም ጥቁር ነኝ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ዘመዶቼ ደግሞ ከእኔ ይብሳሉ። አውልቀን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ነገር አላገኘንም። መሣሪያውን ስትሠሩ በቢሮአችሁ ያለውን እግር ሁሉ አስለክታችሁ እንደሞከራችሁት አልጠራጠርም፤ ለዚህ ትጋታችሁ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ለብልሃቴም ዕድል ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። የኑዌር ከብት ጠባቂ ትንኝና ዝንብ እንዳይበላው የተቃጠለ እበት አመድ ሰውነቱን ይቀባል፤ እኔም አመድ ለብሼ ነው ያደግሁት። ጥቁሩን ካልወደደው ግራጫውን እናቅርብለት ብዬ ከከሰል ምድጃው አመድ ዘግኜ የልጄን እግር ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጣቷ ጫፍ አሸሁት። ፎቶ አነሳሁ። መሣሪያዎ ወዲያው «በጣም ጥሩ! የሚያምር እግር!» ብሎ ቁጥሯ ሠላሳ ስምንት ነው አለ። አመዱ ነጭ፣ ወረቀቱ ነጭ፣ አመዱ የበዛባቸው ጣቶቿ ከወረቀቱ ጋር ተመሳስለው እንደጠፉበት የገባኝ ቆይቶ ነው። ሠላሳ ስምንት የሚለውን ሳይ ዓይኔ ተጠራጥሮ ነበር፤ የልጄ እግር ከዚያ ስንት ጊዜ እንደሚበልጥ መንገድ ላይ ያየ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ከዘጠኝ ወር በፊት ቢሆን ነው ዓይኔን የማምነው። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የተጻፈውን አምናለሁ። ተጽፎ አየሁት፣ አዘዝኩት።

3ኛ. ዕቃው በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት ደረሰ። ኛሩዋይ ካርቶኑን ከፍታ ጫማውን ስታየው ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ ሳቀች፤ «ባባ፣ ይሄ የአውራ ጣቴ ነው፤ የሌሎቹ መቼ ይመጣል?» አለችኝ። ወደ ቢሮአችሁ ስደውል ድምፅዋ ማር የሆነ አንዲት እህት መሣሪያው እንዳልተሳሳተ፣ ስህተቱ ደንበኛው እግራቸውን በትክክል ባለማቅረባቸው እንደሆነ አስረዳችኝ። እግርን በትክክል ማቅረብ በማታው ትምህርት ስላልተሰጠን ይቅርታ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁ።

4ኛ. ፈትሂያ ሱቅ ያለው ትልቁ የመጫወቻ ጫማ አርባ ሦስት ነው፤ የኛሩዋይ እግር በሲባጎ ሲለካ አርባ አምስት ሆነ። ቅዳሜ በነጠላ ጫማ ሄደች። ዱዎት እግሯን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ወንበሩን አሳያት። ኳስ ታቅፋ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ልጆች ተመረጡ። በመስከረም አሥራ ስምንት ይሞላታል፤ የሚቀጥለው ምርጫ እሷን አይመለከትም። ይህን ቁጥር ረዘም አድርጌ በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

5ኛ. መሣሪያዎን በሐሜት እንዳልከሰው ብዬ ፈተንኩት። አንድ ዳቦ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁ። «በጣም ጥሩ! የሚያምር እግር!» አለና አርባ አንድ ሰጠው። ለሁለት የተከፈለ ፓፓያ ሠላሳ ስድስት ሆነ፤ ሰፊ እግር ስለሆነ ሰፋ ያለ ጫማ ይመከራል ተባለ። ዳቦውን ካልሲህን አውልቅ ያለው የለም።

እንግዲህ ምስጋና በቃል ብቻ አይቀርምና ያደረግሁልዎን ውለታ ደግሞ ልዘርዝር። መምህራችን አቶ ወንዳፍራሽ ለትምህርቱ መዝጊያ በአንድ ጉዳይ ላይ አስተያየት ጽፋችሁ ኑ ሲሉን እጄን ያወጣሁ እኔ ነኝ። ስልሳ ሦስት ተማሪዎች በእርስዎ መደብር ገጽ ላይ አንድ አንድ ኮከብ ብቻ እየሰጠን በእጃችን ጻፍን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናታችን ኛሊየፕ በዕድሜያቸው ከኢንተርኔት ገዝተው አያውቁም፤ ነገር ግን ሳይሳሳቱ መጻፍ የሚችሉት ቃል «ጠበበኝ» ስለሆነ እሱኑ ጻፉ። ምን እንደጠበባቸው አልጠየቅናቸውም። አቶ ወንዳፍራሽ ፊደሉን ብቻ አርመው ሐሳቡን ሳይነኩት አለፉ። የአቦቦና የጎግ የማታ ክፍሎችም ይህንኑ የቤት ሥራ እንዲሰጡ ጠይቄያለሁ፤ እዚያ ደግሞ ተማሪው ከእኛ ይበዛል።

ፈትሂያ ሱቅ ግድግዳ ላይ ዛሬ ከሁለት መቶ በላይ ሲባጎ ተሰቅሏል፤ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ስም በካርቶን ቁራጭ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከዲማ ወርቅ ቆፋሪዎች በመኪና ሹፌር ሲባጎ ይልካሉ። ከሲባጎዎቹ በላይ የዳቦው ፎቶ «የሚያምር እግር! 41» ከሚለው የራስዎ ጽሑፍ ጋር በትልቁ ታትሞ፣ በመስታወት ተከቶ ተሰቅሏል። የገባ ሁሉ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም እነግረዋለሁ፤ አጭር አድርጎ መናገር ደግሞ አልፈጠረብኝም። የእርስዎን ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ እንኳ ባለፈው ሳምንት መጥቶ የራሱን ሲባጎ አስቆርጧል። እግሩ አርባ ሁለት ነው፤ እኛ ዘንድ ስለተለካ አምነውበት መናገር ይችላሉ።

መሣሪያዎን ማረም ከፈለጉ ደጄ ክፍት ነው። ከሠላሳ ስድስት እስከ ሃምሳ የሚደርስ እግር፣ ጥቁሩንም ቀዩንም፣ አሰልፌ አቆይልዎታለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ የሚለኩት እርስዎ ነዎት። ጫማዎን አውልቀው ከእናታችን ኛሊየፕ ኋላ ተራ ይይዛሉ፤ እሳቸውም እግርዎን ለረጅም ጊዜ አይተው «ካልሲህን አውልቅ» ይሉዎታል። አወለቅሁ ቢሉ አይሰሙም። ሦስት ጊዜ ይደግሙልዎታል፣ በመጨረሻም ያመሰግኑዎታል።

ደብዳቤዬን እስከዚህ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ የቢሮዎ ወለል ንጹሕ፣ ወንበርዎ ምቹ፣ እግርዎም ሁልጊዜ በዓይን የሚታይ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ባዶ እግሬን፣ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
ጋትኬክ ያክ
(ፊርማው የራሴ ነው፤ አሻራ ማድረግ ትቻለሁ)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ፈትሂያ ሱቅ ግድግዳ
ለማታው ትምህርት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለዳቦው (ስለተበላ አልደረሰውም)

ከፊርማ በኋላ የሚጨመር፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ። ዳቦው እውነት ነው፣ ሲባጎዎቹም እውነት ናቸው፤ በ3ኛው ቁጥር ላይ ኛሩዋይ ሳቀች ያልኩት ግን ውሸት ነው። ጎረቤትም አልተሰበሰበም። ጫማውን ወደ ካርቶኑ መልሳ ክዳኑን ገጠመችና «ባባ፣ ስልኩን ስጠኝ» አለችኝ። እግሯ የታየበትን ፎቶ ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋች፤ አምና ከጓደኞቿ ጋር ዋንጫ ይዛ የተነሳችውን እንኳ አላስቀረችም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የልጄ እግር ያለበት ፎቶ በዓለም ላይ የቀረው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው፤ ካልሲ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት።